ከሃሪኬን በኋላ መብራት ለሳምንታት ሲጠፋ፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከሚመለስበት ቀን

ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ የነፋስና የዝናብ ማዕበል) ራሱ ቶሎ ያልፋል። የሚከብደው ከነፋሱ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። መብራት የለም፣ ሙቀቱ አያስቀምጥም፣ ውሃው ይቆራረጣል፣ ማደያው ነዳጅ እያለው መቅዳት አይችልም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሃሪኬን ማሪያ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ የደሴቲቱ መብራት በሙሉ ጠፋ። የመጨረሻዎቹ ሰፈሮች መብራት ያገኙት ከ11 ወር ገደማ በኋላ ነው። በ2024 ቤሪል የአሜሪካን ከተማ ሂዩስተንን ሲመታ ደግሞ በደረጃው ዝቅተኛው፣ ምድብ 1 ነበር። ያም ሆኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ። በጁላይ ሙቀት ከሳምንት በላይ በጨለማ የቆዩ ነበሩ።

የማሪያ ይፋዊ የሟቾች ቁጥር መጀመሪያ 64 ነበር። ከጥናት በኋላ 2,975 ሆነ። ይህን ሰፊ ልዩነት ያመጣው በአብዛኛው ከነፋሱ በኋላ የተከተለው ነው። መብራት፣ ንጹህ ውሃ፣ መድኃኒትና ሕክምና ያጡ ሰዎች በየቤታቸው ሞቱ። ስለዚህ ነፋሱ አለፈ ብላችሁ አትዘናጉ። ከታች የጻፍኩት ለሁለት ቀን ሳይሆን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንዲያገለግላችሁ ነው። መብራቱ ቀድሞ ከመጣ እሰየው።

መጀመሪያ የሚወሰነው፦ እቤት መቆየት ነው መውጣት?

ቤቱን ጥሎ መውጣት ማንም አይወድም። ግን ውሳኔው በመጀመሪያው ቀን ይወሰን። መኪናው ነዳጅ፣ ስልኩ ቻርጅ፣ እናንተም አቅም ያላችሁ ያኔ ነው። በአምስተኛው ቀን፣ እንቅልፍ ካጣችሁ በኋላ፣ ሁሉም ነገር ይከብዳል።

ቤት ውስጥ በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ፣ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የሚደረግለት፣ ጨቅላ ሕፃን፣ በዕድሜ የገፋ ወይም የልብ ሕመምተኛ ካለ፣ መብራቱም ከሁለት ቀን በላይ እንደሚቆይ ከተነገረ፣ የኔ ምክር አንድ ነው፦ ውጡ። መብራት ያለበት ዘመድ ቤት፣ ሌላ ከተማ ወይም የሕዝብ መጠለያ ሂዱ። ቤቱ ጎርፍ ገብቶበት ከሆነ ወይም ጣሪያው ከተነሳም እንዲሁ። ሁሉም ሰው ጤነኛ ከሆነ፣ ቤቱ ደረቅ ከሆነ፣ ውሃም ካላችሁ መቆየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሰዓት

ነፋሱ ሲቆም ሰው ሁሉ የደረሰውን ለማየት ወደ ውጭ ይወጣል። መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ሁሉ ኃይል እንዳለበት ቁጠሩ፤ ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ቢሆንም። ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። ሽቦው ያረፈበትን አጥር፣ ዛፍ ወይም የተኛ ውሃ አትንኩ። ልጆቹን ቤት አቆዩና መጀመሪያ አንድ አዋቂ ሰው ግቢውን ይቃኝ።

ቀጥሎ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ሂዱ። ጎርፍ ገብቶ ከነበረና ሳጥኑ ደረቅ ቦታ ላይ ከሆነ ዋናውን አጥፉት። እዚያ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ ግን አትንኩት፤ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት። በውሃ የተነከረ ሶኬትና ሽቦ ሳይመረመር ኃይል ሊለቀቅበት አይገባም።

ቤቱ ደረቅ ከሆነ ኤሲውን፣ ምድጃውን፣ ማጠቢያ ማሽኑን፣ ቴሌቪዥኑንና ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉ። መብራት ሲመለስ ብዙ ጊዜ እየመጣ እየሄደ፣ ቮልቴጁም ከፍ ዝቅ እያለ ነው። የተሰካ ዕቃ የሚቃጠለው ያኔ ነው። የአንድ አምፖል ማብሪያ ብቻ በርቶ እንዲቆይ አድርጉ፤ መብራት መምጣቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከዚያ ለመብራት ድርጅቱ አመልክቱ። ጎረቤት አመልክቷል ብላችሁ አትተዉት። ጥቆማዎቹ ሲደማመሩ ድርጅቱ ብልሽቱ የቱ መስመር ላይ እንዳለ ለመለየት ይረዱታል። መብራቱ የጠፋበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። ለምግቡም፣ በኋላ ለኢንሹራንሱም ትፈልጉታላችሁ።

ፍሪጁ

በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ፍሪዘሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት በውሃ የሞሉ ጠርሙሶች አስገቡበት። ውሃ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰፋ እስከ አፋቸው አትሙሏቸው። በኋላ በረዶውን ወደ ፍሪጁ ወይም ወደ ማቀዝቀዣ ሳጥን ታዛውሩታላችሁ፤ ሲቀልጥ ደግሞ ትጠጡታላችሁ።

በሩን የሚያስከፍተው አብዛኛውን ጊዜ «እስቲ ምን አለ» ማለት ነው። ውስጥ ያለውን ዝርዝር ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ለልጆች የሚያስፈልገውን በአንድ ጊዜ አውጥታችሁ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። መጀመሪያ ከፍሪጁ ብሉ፣ ቀጥሎ ከፍሪዘሩ፣ የታሸገውንና ደረቁን ለመጨረሻ አቆዩ።

ጥሎ መውጣት ግድ ከሆነባችሁ፣ አንድ ስኒ ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ አቀዝቅዙና በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ላይ ላዩ ከሆነ ምግቡ አልቀለጠም። ስኒው ግርጌ ከወረደ፣ ሁሉም ነገር ቀልጦ እንደገና ቢቀዘቅዝም፣ በመካከል ሞቆ ነበር ማለት ነው። ጣሉት።

ወሰኑ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና የተሠራ ምግብ ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ ከቆዩ አይበሉ። ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ። ቀምሶ መፈተን አይሠራም፤ የሚያሳምመው ባክቴሪያ ሽታም ጣዕምም ላይቀይር ይችላል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በሰዓት ቁጠሩ። ፍሪዘር ውስጥ ያለው በረዶ ካልጠፋበት ወይም እንደ ፍሪጅ ከቀዘቀዘ ግን መልሶ ማቀዝቀዝም ማብሰልም ይቻላል። ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ አንዳንድ የቤት ኢንሹራንስ የተበላሸ ምግብ ይከፍላል።

ውሃ መብራት ይፈልጋል

ይህን ብዙ ሰው የሚያስበው ቧንቧው ሲደርቅ ነው። የጉድጓድ ፓምፕ መብራት እንደጠፋ ይቆማል። የከተማ ውሃም ግፊቱ ሲወርድ ቆሻሻ ሊገባበት ይችላል። በ2024 ሃሪኬን ሄሊን በሰሜን ካሮላይና የአሽቪልን የውሃ መስመር ሲያፈርስ፣ ከተማዋ ከቧንቧ የሚጠጣ ውሃ ሳታገኝ ከ7 ሳምንት በላይ ቆየች።

ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ያዙ። ሦስት ቀን ትንሹ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። ገንዳውንና ባልዲውን ሁሉ ማዕበሉ ሳይደርስ ሙሉ። የገንዳው ውሃ ለመጠጥ ሳይሆን ለሽንት ቤት ነው። 6 ሊትር ገደማ በአንድ ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ መቀመጫው ውስጥ ስትደፉ ይወርዳል። ፍሳሽ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ ግን መድፋት አቁሙ፤ የከተማው የፍሳሽ ፓምፕም መብራት አጥቶ ሊሆን ይችላል።

የምትጠራጠሩትን ውሃ ለ1 ደቂቃ በደንብ አፍሉት። ከፍታ ቦታ ላይ ካላችሁ 3 ደቂቃ። ማፍላት ካልተቻለ ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ተጠቀሙ። ጠርሙሱ ላይ ከ5 እስከ 9 በመቶ የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ንጹህ የሚመስል ውሃ 2 ጠብታ ይበቃል። ውሃው ከደፈረሰ በጨርቅ አጥልሉትና 4 ጠብታ አድርጉበት። አማስሉ፣ 30 ደቂቃ ቆዩ። ጎርፍ ነክቶት ቤንዚን ወይም ኬሚካል የገባበትን ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያድነውም።

ጄኔሬተር፦ በጣም የሚረዳውም በጣም የሚገድለውም

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ከዚህ ሁሉ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

በኦገስት 2020 ሃሪኬን ላውራ ሉዊዚያናን ሲመታ ሁሉም የፈራው ከባሕር የሚመጣውን ጎርፍ ነበር። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ግን በግዛቱ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹን የገደለው ከጄኔሬተር የወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆነ። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም። ተኝታችሁ ከሆነ ሳትነቁ ይወስዳችኋል። በየትልቁ ማዕበል ማግስት ይህ አደጋ ይደገማል፤ ቤተሰብ በሙሉ ያልቃል። ደግሞ ማስቀረት የሚቻል ሞት ነው።

ቦታው እንዲህ ነው። ጄኔሬተሩ ከቤት ውጭ፣ ከማንኛውም በር፣ መስኮትና የአየር ቀዳዳ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ጭስ ማውጫው ከቤቱ በተቃራኒ ይዙር። የጎረቤትም መስኮት ይታሰብ። ጋራዥ ውስጥ አይሆንም፣ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም። በረንዳ ላይ አይሆንም። ምድር ቤት አይሆንም። «መስኮት ከፍቻለሁ፣ ቬንትሌተር አድርጌያለሁ» አይበቃም። ሰው ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ ወይም እንዳይሰረቅ ሲሰጋ ነው። ለዝናቡ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ለዚሁ የተሠራ መሸፈኛ አለ። ለሌባ በሰንሰለት እሰሩት። ሌላ መፍትሔ ካጣችሁ አጥፉትና ሌሊቱን በጨለማ እደሩ።

በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይኑር። ጄኔሬተር ለመግዛት ብር ያገኘ ሰው ለዚህም ያግኝ። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና መደናገር ናቸው። ጉንፋን ይመስላል፣ ትኩሳት ግን የለውም። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ምክንያት አትፈልጉ። ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ፣ ለድንገተኛ አደጋ ደውሉ፣ ተመልሳችሁ አትግቡ።

ሁለተኛው አደጋ ግድግዳው ላይ ነው። ሁለቱም ጫፍ ተሰኪ የሆነ ገመድ ሠርቶ ጄኔሬተሩን በቤቱ ሶኬት መሰካት በየሰፈሩ የሚመከር ዘዴ ነው። አታድርጉት። ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገድ ይወጣል። ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ በተቃራኒውም ይሠራል፤ የቤታችሁን ዝቅተኛ ቮልት ወደ ሺዎች ከፍ ያደርገዋል። መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ ሽቦ የጨበጠው የጥገና ሠራተኛ በዚያ ይሞታል። የቤቱን መስመር በጄኔሬተር ማብራት ከፈለጋችሁ ኤሌክትሪሻን ትራንስፈር ስዊች (ቤቱን ከመንገዱ መስመር ነጥሎ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞር ማብሪያ) ይግጠምላችሁ። ያ ከሌለ ዕቃዎቹን በወፍራም፣ ለውጭ በተሠራ ማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ሰኩ። ስትይዙት የሚሞቅ ገመድ ለጭነቱ ቀጭን ነው፤ ንቀሉት።

ነዳጅ ስትጨምሩ መጀመሪያ አጥፉ፣ ከዚያ እስኪበርድ ጠብቁ። ከጋለ ሞተር ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ይያያዛል። ማታ በባትሪ ብርሃን እየተጣደፉ ከመቅዳት፣ ከመምሸቱ በፊት ቅዱ። ጀሪካኑ ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከጄኔሬተሩ ርቆ ይቀመጥ።

የትኛው መጠን ይሻላል ለሚለው፣ እኔ ትንሹን ነው የምመርጠው። ትልቅ፣ 5 ሺህ ወይም 6 ሺህ ዋት የሚያመነጭ ተራ ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት 2 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ ከሠራ ወደ 50 ሊትር ነው። ማደያው መብራት በሌለበት ሳምንት ይህን ከየት ታመጣላችሁ? 2 ሺህ ዋት ገደማ የሆነ ኢንቨርተር ጄኔሬተር (ሞተሩ ፍጥነቱን እንደ ጭነቱ የሚያስተካክለው ዓይነት) ግን ቀላል ጭነት ላይ 4 ሊትር በማይሞላ ቤንዚን እስከ 8 ሰዓት ይሄዳል። ፍሪጅ፣ ጥቂት አምፖል፣ ቬንትሌተርና ስልኮች ይችላል። ድምፁም ዝቅ ያለ ነው።

ቀኑን ሙሉ ማስነሳትም አያስፈልግም። ጠዋት ጥቂት ሰዓት፣ ማታ ጥቂት ሰዓት አስነሱትና በዚያ ጊዜ ፍሪጁን አቀዝቅዙ፣ ባትሪ የሚሞላውን ሁሉ ሰኩ። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 4 ዲግሪ ካላለፈ ይበቃል። ፍሪጅ ሲነሳ ከመደበኛ ፍጆታው ብዙ እጥፍ ኃይል ለቅጽበት ይስባል። ስለዚህ እሱን ብቻውን አስነሱ፣ ሌላውን ቀጥሎ።

ጄኔሬተር ለሌለው

ያለችውን ኃይል በዋት ሰዓት (1 ዋት የሚፈጅ ዕቃ በ1 ሰዓት በሚበላው መጠን) አስቡ፤ ያኔ ግምት ይቀራል። የአንድ ስማርት ስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ግን ሲያስተላልፍ የሚባክነው ሲቀነስ ስልክ ሦስቴ ወይም አራቴ ይሞላል። በዩኤስቢ የሚሠራ 5 ዋት ቬንትሌተር ሌሊቱን 10 ሰዓት ሲዞር 50 ዋት ሰዓት ይበላል። ማለትም አንድ ፓወር ባንክ ለአንድ ሰው ወይ የሦስት ቀን ስልክ ነው፣ ወይ የአንድ ሌሊት ነፋስ። የትኛው እንደሚበልጥ እናንተ ትመርጣላችሁ። ቤት ውስጥ ሙቀት የሚጎዳው ሰው ካለ እኔ ነፋሱን አስቀድማለሁ።

1,000 ዋት ሰዓት የሚይዙት ትልልቅ የባትሪ ጣቢያዎች ጭስ የላቸውም፤ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ፍሪጅ ግን በቀን ከዚያ በላይ ሊበላ ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ ላይዘልቁለት ይችላሉ። ለመድኃኒት ማቀዝቀዣ፣ ለመተንፈሻ ማሽን፣ ለመብራትና ለስልክ አውሏቸው። 100 ዋት የሶላር ፓነል ጥሩ ፀሐይ ሲያገኝ በቀን 300 ወይም 400 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከሃሪኬን በኋላ ብዙ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ተጠቀሙበት።

መኪናም ጄኔሬተር ነው። ስልክና ፓወር ባንክ ከመኪናው ሶኬት ይሞላል። ሞተሩ ሲሠራ መኪናው ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቁም፤ ጭስ ማውጫውም በፍርስራሽ ወይም በጭቃ አለመደፈኑን እዩ። እንደገና ልበል፦ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም። ከታንኩ ሩቡን ደግሞ አትንኩ። ለመውጣት ያስፈልጋችኋል።

ሙቀቱ

የሃሪኬን ወቅት የሙቀት ወቅት ነው። አየሩም እርጥበት ስለሚሸከም ላብ አይደርቅም፤ ላብ ካልደረቀ ሰውነት አይበርድም። በሴፕቴምበር 2017 ሃሪኬን ኢርማ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ በሆሊውድ ከተማ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ የማቀዝቀዣውን ኃይል አጣ። 12 አረጋውያን በሙቀት ሕይወታቸው አለፈ። ሆስፒታል ከመንገዱ ማዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ ሁሉም የአረጋውያን መኖሪያዎች ለ96 ሰዓት ክፍሎቹን ከ27 ዲግሪ ገደማ ሳይበልጥ የሚያቆይ ጄኔሬተር እንዲኖራቸው ሕግ አወጣች። በየቤቱ ላሉት አረጋውያን ግን ሕግ የለም። ያሉት እናንተ ናችሁ።

በቀን ፀሐይ የሚመታውን መስኮት በመጋረጃ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑ። ምሽት ውጭው ከውስጥ ሲቀዘቅዝ በሁለት ወገን ያሉ መስኮቶችን ከፍታችሁ አየሩ እንዲያልፍ አድርጉ። ፎቅ ቤት ከሆነ ሁሉም ታች ይተኛ። ጨርቅ ነክራችሁ አንገት፣ ብብትና የእጅ አንጓ ላይ አድርጉ። ቬንትሌተር የሚረዳው ቆዳው እርጥብ ሲሆን ነው። ክፍሉ 35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ደረቅ ሰው ላይ ትኩስ አየር መንፋት ብቻ ይሆናል፣ ሊጎዳም ይችላል።

ኤሲ ያለበት ቦታ በቀን ጥቂት ሰዓት መቀመጥ እንኳ ሰውነትን ያሳርፋል። ቤተ መጻሕፍት ይሁን የሰፈር መሰብሰቢያ፣ የተከፈተ ካለ በጣም ትኩስ የሆነውን ከሰዓት በኋላ እዚያ አሳልፉ። የጽዳትና የማንሳት ሥራውን ማለዳ ጨርሱ።

ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቶችን በቀን ሁለቴ አንኳኩ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ሰምታችሁ አትመለሱ። ግቡና ክፍሉ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ውሃ መጠጣታቸውን፣ አነጋገራቸው እንደ ትናንቱ መሆኑን እዩ። ዕድሜ የጥማትን ስሜት ይቀንሳል። አንዳንድ የደም ግፊትና የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችም ሰውነት ሙቀትን እንዳይቋቋም ያደርጋሉ። ብዙ ላብ፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መሸማቀቅ ማስጠንቀቂያ ናቸው፤ ጥላ ስር አሳርፉ፣ ውሃ ስጡ፣ አቀዝቅዙ። ሰውየው መደናገር ከጀመረ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ግን ነገሩ የደቂቃዎች ነው። ለድንገተኛ አደጋ ደውሉና እስኪመጡ ውሃ አፍስሱበት፣ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብብቱና አንገቱ ላይ አድርጉ። ለተደናገረ ሰው የሚጠጣ አትስጡ፤ ያንቀዋል።

መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ

ኢንሱሊን ያለ ፍሪጅ ወዲያው አይበላሽም። ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት እስከ 28 ቀን ይቆያል። መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ አትተዉት። በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ በረዶ ሆኖ የነበረ ኢንሱሊን አይወሰድም። ለሌላው መድኃኒት ፋርማሲስት ጠይቁ።

የእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽን፣ ሲፓፕ የሚባለው፣ ማርጠቢያውና ማሞቂያ ቱቦው ሲጠፉ ፍጆታው በጣም ይቀንሳል። የኦክስጅን ማሽን ግን ብዙ ኃይል ያለማቋረጥ ስለሚፈልግ በትንሽ ባትሪ አይዘለቅም። አቅራቢው መጠባበቂያ ሲሊንደር እንዲሰጣችሁ ማዕበሉ ሳይመጣ ጠይቁ። የመብራት ድርጅቱ የሕክምና መሣሪያ ያላቸውን ደንበኞች የሚመዘግብ ከሆነ ተመዝገቡ። መዝገቡ ላይ መሆን መብራት ቀድሞ እንደሚመጣላችሁ ዋስትና አይሰጥም፤ ሁለተኛ ዕቅድ ይኑራችሁ።

ብርሃንና ስልክ

ሻማ ተዉ። ድካም ባለበት፣ ልጆች ባሉበት፣ የእሳት አደጋ መኪና መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ሻማ ትልቅ አደጋ ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር የኤልኢዲ ባትሪ እጅን ነፃ ያደርጋል። ውሃ በሞላ ነጭ ጀሪካን ላይ የእጅ ባትሪ አስጠግታችሁ ብታበሩ ክፍሉ በሙሉ ለስለስ ያለ ብርሃን ያገኛል። ከሰልና የካምፕ ምድጃም ውጭ ብቻ፤ ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫሉ።

ስልኩን የባትሪ ቁጠባ ላይ አድርጉ። ኔትወርክ በሌለበት ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳልና አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ክፈቱት። ከመደወል አጭር መልእክት በተሻለ ያልፋል። ሩቅ አገር ያለ አንድ ዘመድ መረጃ ሰብሳቢ ይሁን፤ ሁላችሁም ለእሱ ብቻ ጻፉ፣ እሱ ለሌላው ያድርስ። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ኔትወርክ ሲጠፋም ያገለግላል።

የጎረቤት መብራት መጥቶ የእናንተ ሲቀር

ይህ ከሁሉ ያናድዳል፤ ምክንያት ግን አለው። ጥገናው ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያውና ማከፋፈያ ጣቢያው፣ ከሆስፒታልና ከውሃ ጣቢያ ጋር። ቀጥሎ ብዙ ቤት የሚያበራው ዋና መስመር፣ ከዚያ የየመንደሩ ቅርንጫፍ። በመጨረሻ የአንድ ቤት ሽቦ። መንገድ ማዶ ያለው ቤት በሌላ መስመር ላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ራሳችሁ አረጋግጡ። ከመሬት ሆናችሁ፣ ሳትነኩ፣ ከምሰሶው የሚመጣው ሽቦ ቤታችሁ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀና ብላችሁ እዩ። ሽቦው የሚገባበት፣ ጣሪያ ላይ የቆመው ቧንቧ ከታጠፈ ወይም የቆጣሪው ሳጥን ከግድግዳው ከተላቀቀ ሰፈሩ በሙሉ ቢበራም እናንተ ጋ አይመጣም። በአሜሪካ ብዙ ቦታ ሽቦውና ቆጣሪው የድርጅቱ ሲሆኑ፣ ቧንቧውና ሳጥኑ የባለቤቱ ናቸው። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ካልጠገነው ድርጅቱ አያገናኝም። ይህን በሁለተኛው ቀን ያወቀ ሰው ወረፋ ይይዛል፤ በአሥረኛው ቀን ያወቀ ገና ይጀምራል።

መብራት ሲመለስ

ያ የተዋችሁት አምፖል ሲበራ ወዲያው ሁሉንም አትሰኩ። ጄኔሬተሩን ከቤቱ አላቅቁ። አምፖሉ ሳይርገበገብ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ፍሪጁን ሰኩ፣ ቆይታችሁ ኤሲውን፣ ከዚያ ሌላውን አንድ በአንድ። የተቃጠለ ሽታ ወይም ከብሬከሩ የሚጮህ ነገር ካለ ዋናውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። አምፖሎቹ ከልክ በላይ ከደመቁ ወይም ከደበዘዙም እንዲሁ።

የመጀመሪያው መብራት ብዙ ጊዜ አይጸናም። በዚያው ሰዓት ፓወር ባንኮቹን፣ የባትሪ ጣቢያውን፣ ስልኮቹን ሙሉ፤ ውሃ ቅዱ፤ የውሃ ጠርሙሶቹን ወደ ፍሪዘሩ መልሱ። መብራቱ ለጥቂት ቀን ጸንቶ ሲቆይ ጄኔሬተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ወደ መኪናው ታንክ ገልብጡና ሞተሩን በቀረችው ጠብታ አስነስታችሁ እስኪጠፋ ተዉት። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ከደረቀ በሚቀጥለው ማዕበል አይነሳም።